የላክሁልዎትን ቅባት አይቀቡት

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እማዬ ደህና ናት? ከብቶቹስ? እኔ ጌታ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ስልክ ሞከርኩ፤ የዱራሜ መስመር ዛሬም አልሠራ አለኝ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልበል፤ በጎረቤታችን በሹፌሩ ማርቆስ እጅ የላክሁልዎትን ቅባት አይቀቡት። ጀምረው ከሆነም ዛሬውኑ ይተዉት።

ወንድሜ አዶናይ፣ እጅዎና ግንባርዎ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እንደወጣ ነግሮኝ ፎቶም ልኮልኝ ነበር። እርስዎም ስለ ለምጽ የሚናገረውን ዘሌዋውያን ምዕራፍ አሥራ ሦስትን አንብበው ራስዎን ከሰው ለይተዋል፣ ለብቻዎ ይበላሉ፣ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆመው ምእመኑን መጨበጥ ትተዋል አለኝ። እኔ ሞኟ ምንነቱን ሳልጠይቅ ለመሸፈን ሮጥኩ። እዚህ ሰበታ፣ ፋብሪካችን በር ላይ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን የሚያቀሉበት ስም የሌለው ቅባት ይሸጣል። ያጠፋዋል ሲሉኝ ገዝቼ ላክሁ።

ፉሪ አብራኝ የምትኖረው የሥራ ባልደረባዬ ጂጂ ያንኑ ስትቀባ ከርማ፣ በዚህ ሳምንት ፊቷ ተላጠ። ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩና በዚያው የእርስዎን ፎቶ አሳየሁ። ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሠራ ገበሬ ይህ የተለመደ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሥጋ ደዌም አይመስልም። ካላስጨነቀ ማከሙ ግዴታ አይደለም፤ ላጥፋው ለሚል በሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ወይም በሌዘር ጨረር ይነሳል፣ ሐኪም የሚያዝዘው ቅባትም አለ። ሰው እንደሚመክረው በሎሚ መፈተግ ቆዳ ከማቁሰል በቀር አይፈይድም። እንዳይበዛ ማሳ ሲወርዱ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ያድርጉ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ከፋርማሲ ገዝቼ እልካለሁ።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። ፎቶው ደብዛዛ ስለሆነ ሐኪሟ ሁሉንም መለየት አልቻለችም። ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ የተደበላለቀ፣ ቶሎ የሚያድግ ወይም የሚደማ ካለ ሳይውል ሳያድር ይታይ ብላለች። አዶናይ ደጅ በብርሃን አንድ በአንድ ይይልዎት። አንድ እንኳ ቢገኝ ከማርቆስ ጋር ይምጡ፤ ፈቃድ ጠይቄ እጠብቅዎታለሁ።

ደግሞ ቢቆጡኝም ልናገር። በዚያ በዘሌዋውያን ምዕራፍ ካህኑ እንኳ ሰባት ቀን ለይቶ መልሶ ያያል። እርስዎ ያለ ካህን በራስዎ ፈርደው አራት ወር ተቀመጡ። እማዬ ማዕድ ላይ ብቻዋን ስትቀር ምን እንደሚሰማት ጠይቀዋታል?

ለእማዬ፣ ለአዶናይ፣ ለእህቴ ለኤልሳቤትና ለሕፃኗ ሰላምታዬ ይድረስ። በአፍ ብቻ ግን እንዳይነግሩልኝ፤ እያንዳንዳቸውን በእጅዎ ጨብጠው ያድርሱልኝ። ከእማዬ ይጀምሩ።

ልጅዎ ገነት
ፉሪ፣ ሰበታ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.