ሪባን ስለታሰረባቸው ካርቶኖችና ወደ ውጭ ስለተላከችው ልጄ

ለተከበሩ የአገር ተወዳዳሪነት ማጎልበቻ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በየዝግጅቱ ከፊትዎ ቀድሞ የሚገባው የካሜራ ባለሙያም እንደምን ሰነበታችሁ? አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ በተለይ ጉሮሮዎን ይጠብቅልን፤ ስለ ተወዳዳሪነት ገና ብዙ የሚነግሩን እንዳለ ሰምተናልና። እኔ አሰጋሽ ጉዲሳ እባላለሁ። ቦሌ ቡልቡላ ተወልጄ፣ እዚያው አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሌን በሞት ያጣሁ፣ አንዲት ልጅ ያለችኝ ሴት ነኝ። ያለችኝ ያልኩት ከልማድ ነው። ልጄ ፌናን አሁን ቡልቡላ የለችም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስለሚነግሩኝ፣ ጋዜጣ ማንበብዎ አይቀርም ብዬ በዚህ በኩል መጣሁ።

ባለሥልጣን ላይ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሚመስለኝ፣ ምስጋና ብዬ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ መሬቱ አመሰግናለሁ። ፋብሪካው የተሠራበት ቦታ የአባቴ የባቄላና የጎመን ማሳ ነበር። የእርስዎ ሰዎች መጥተው ልጆቻችሁ ከዓለም የምርት ሰንሰለት ጋር ይተሳሰራሉ ሲሏቸው፣ አባቴ ሌላው ባይገባቸውም ልጆቻችሁ የሚለውን ሰምተው፣ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። እውነቱን ለመናገር ምርቃቱ ለጊዜው ሰምሮ ነበር። ፋብሪካው የስልክ ቻርጀር ገመድ ይሠራል፤ መዳቡ ከአንድ አገር፣ ፕላስቲኩ ከሌላ አገር፣ ጫፉ ላይ ያለችው መሰኪያ ከሦስተኛ አገር ትመጣለች፤ የቡልቡላና የሳሊተ ምሕረት ልጆች ደግሞ ገጣጥመው፣ ፈትሸው፣ ጠቅልለው አስረው ለካርጎ አውሮፕላን ያደርሳሉ። ፌናን የአንዱ መስመር አለቃ ነበረች።

ጥቅሉ የሚታሰረው በፕላስቲክ በተሸፈነች ቀጭን ሽቦ ነው። እኔና እናቴ የጓሮ ጎመን ስንሸጥ፣ እስሩን በቃጫ ካሰርን በኋላ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈን እንሸጉጠው ነበር፤ ያለዚያ መንገድ ላይ ይፈታል። ፌናንም ሽቦዋን እንደዚያው ማሰር ጀመረች። የውጭ አገሩ ተቆጣጣሪ የገዢን ጣት አትወጋም ብሎ ስለወደደላት መስመሩ በሙሉ እንደ ጎመናችን ማሰር ለመደ። ያን ቀን ልጄ ቤት የገባችው እየሳቀች ነበር።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ በፋብሪካው ግቢ ስላከበሩት የተወዳዳሪነት ሳምንት ነው። እኔም የመሬቱ ባለቤት ልጅ ተብዬ የክብር ወንበር ስለተሰጠኝ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ሊጫኑ የተዘጋጁትን ካርቶኖች አስተባባሪዎችዎ አዩና ወደዷቸው፤ ከመድረኩ ጀርባ እንደ ግድግዳ አስደርድረው በባንዲራ ቀለም ሪባን አሰሩባቸው፤ እርስዎ መጥተው ሪባኑን እስኪቆርጡ ድረስም አንድም ካርቶን እንዳይነካ ታዘዘ። የጭነት መኪናው መንገዱ ለእንግዶች ሲባል ስለተዘጋ ወዲያ ማዶ ቆመ። ሠራተኞቹ የአገር ባህል ልብስ ለብሰው፣ እቅፍ አበባ ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ። ፌናን ወደ አንዱ አስተባባሪ ሄዳ፣ ጭነቱ ዛሬ ካልወጣ ገዢው ትዕዛዙን እንደሚሰርዝ ብትነግረው፣ ሰልፉ በካሜራ ሲታይ ክፍተት ስላለው ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ነገራት። ተመለሰች። ያሳደግኳት ታዛዥ አድርጌ ነው፤ ይህም የእኔ ጥፋት ይሁን።

እርስዎ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ንግግርዎ ስለ ጊዜ ነበር። በዓለም ገበያ አንዲት ሰዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በሰፊው ሲያስረዱን አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈና ድምፅዎን ስለዋጠው፣ በፈገግታ ዝም ብለው ጠበቁት። ጨዋታ አዋቂነትዎን አድንቀን አጨበጨብን። ያ አውሮፕላን ካርቶኖቹን ጭኖ መሄድ የነበረበት ነው። ፌናን አበባዋን እንዳቀፈች አንገቷን አቅንታ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ በኋላ ሪባኑን ቆረጡ። መቀሱ በጣም የተሳለ ነበር።

፫. ለፋብሪካው ስለሰጡት የላቀ ተወዳዳሪ የሚል የምስክር ወረቀትም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ገዢው ንግግርዎን የመስማት ዕድል ስላላገኘ ትዕዛዙን ለሌላ አገር ሰጠ፤ የፋብሪካው ባለቤቶችም ትዕዛዙን ተከትለው ማሽኖቻቸውን ነቅለው ሄዱ። የምስክር ወረቀቱን ግን ግድግዳው ላይ ትተውልናል። ማሽኖቹ በወጡ ቀን በሩ ላይ ሰልፍም አበባም ስላልነበረ መኪኖቹ አንዳች ሳይጉላሉ አለፉ።

አዲሱ አገር ያሉትን ሠራተኞች የሚያሠለጥን ሰው ሲፈለግ ፌናን ተጠራች። መሄድ አልፈለገችም። እዚህ ሥራ ስታጠያይቅ ከርማ ሲያቅታት ሄደች። ኤርፖርት ሸኝቻት ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ግቢዬ መሃል ቆሜ ለሚያልፈው አውሮፕላን ሁሉ እጄን ሳወዛውዝ አመሸሁ። ጎረቤቴ ዘርፌ የእሷ የትኛው እንደሆነ በምን አወቅሽ ልትለኝ አፏን ከፍታ ተወችው፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ክቡር ሆይ፣ ልቤ ተሰብሯል። ዕድሜ ልኬን አማርኛ አስተምሬ ይህን የምልበት ሌላ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መግለጫ ወደ ውጭ የምንልከው ምርት መጨመሩን ሰምቻለሁ፤ አልክድም። ከዚያ ፋብሪካ ወጥታ በተባለው ቀን የደረሰች፣ ጥራቷ የተመሰከረላት፣ አንድም እንከን ተገኝቶባት ያልተመለሰች አለች። ልጄ ናት።

፬. የመጨረሻው ልመና ነው። በተዘጋው በር ላይ ጽሕፈት ቤትዎ የተከለው ሰሌዳ፣ ፋብሪካው በአዲስ ባለሀብት በቅርቡ ሥራ ይጀምራል ይላል። ፌናን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ሀርሜ፣ በሩ ተከፈተ?» ነው፤ በኦሮምኛ እማዬ ማለቷ ነው። እኔም ሰሌዳውን አይቼ በቅርቡ እላታለሁ። እሷም በቅርቡ ያልኩትን አምና ረጅሙን ውል ሳትፈርም፣ ቤት ሳትከራይ፣ የወደዳትን ሰው ቆይ እያለች፣ ሻንጣዋን እንኳ በቅጡ ሳትፈታ ትኖራለች። እንግዲህ ከሁለት አንዱን ያድርጉልኝ። ወይ በሩን ይክፈቱልኝና ትምጣ፤ ወይ ሰሌዳውን ይንቀሉልኝና እውነቱን ልንገራት፣ እዚያው ኑሮዋን ትኑር። ሰሌዳው ቆሞ እያለ ግን አፌ እምቢ ይለኛል። እናት ነኝና፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁም በቅርቡ ማለት ደስ ይለኛል።

ለውድ ጊዜዎ፣ ዋጋውን ከማንም በላይ ያውቁታልና፣ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ መቀስዎ እንዳይዶለዱም እየተመኘሁ፣ ለአገር ተወዳዳሪነት መሬቷንም ልጇንም ያዋጣች፣ ለሚቀጥለው ሪባን የሚሆን ግን ምንም ያልቀራት፣

አክባሪዎ
አሰጋሽ ጉዲሳ
ቦሌ ቡልቡላ፣ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ በቀደም የቻርጀሬ ገመድ ተበላሽቶብኝ ኦሎምፒያ ካለ ሱቅ ከውጭ የመጣ አዲስ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስከፍት የማሰሪያዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፋ ተሸጉጣለች፤ ልክ እንደ ጎመናችን። ተመልሼ ሄጄ ለእርስዎም አንድ ገዝቼ በጸሐፊዎ በኩል ልኬያለሁ። እጅዎን አትወጋዎትም፤ ቢሆንም ሲፈቷት ቀስ ብለው ይሁን፣ በመቀስ ባይሆንም ደስ ይለኛል። የእኔን እስካሁን አልፈታኋትም፤ ስልኬን የምሞላው ዘርፌ ቤት ነው። ምናልባት በሩ ተከፍቶ ሊያበሥሩኝ ደውለው ካላነሳሁ፣ ዘርፌ ታነሳልዎታለች።