ማሩ የተሸፈነው ከማን ነው?

ግንቦት 21 ቀን 2007 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለከተማችን የደንበኞች ቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለክቡር አቶ አምባቸው

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኮሚቴዎ ከጎበኘን ወዲህም በሕይወት አለን። ትናንት በበዓሉ ላይ ስለ እኩልነት ያደረጉትን ንግግር ከእናቴ ጋር ደጃችን ላይ ቁጭ ብለን በድምፅ ማጉያ ሰምተነዋል፤ ድምፅዎ ጥርት ያለ ስለነበር ጉሮሮዎም ደህና መሆኑን ተረድተን ደስ ብሎናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። የእኔን ዘር ያላወቀ ሰው በከተማው እንዳይቀር ኮሚቴዎ ብዙ ስለደከመ፣ የምደብቀው ነገር ስላልተረፈኝ ነው። በዚሁ ድካማችሁ የታናሽ እህቴ የምህረት ሠርግ ፈርሷልና ምስጋናዬን ሳላደርስ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ እንዲገባው፣ እኔ ሙሉሐረግ ብዙነህ እባላለሁ። እናቴ ወይዘሮ የሺእመቤት ሸክላ ሠሪ ናት፤ አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው ፊት ለፊት “ባለእጅ” ይለናል፣ ዞር ስንል ደግሞ “ቡዳ”። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ውስጥ፣ በፓስፖርቴ ላይ ስሜ “ሀዲያ” ተብሎ፣ የሰው ቤት ስሠራ ኖሬ አምና ከተባረሩት ጋር ተመለስኩ። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ምህረትን ከገጠር አመጣኋት። በመጋቢት ወር ለሠርጓ ጠጅ የሚሆን ማር ልገዛ ከእናቴ ጋር ወደ አቶ ይርዳው ሱቅ ሄድኩ፤ እዚያ በደረሰብን ነገር “በዘራችን ተናቅን” ብዬ አመለከትኩ። እናንተም “የአገልግሎት አሰጣጥ ክፍተት እንጂ የዘር አድልዎ አልተገኘም” ብላችሁ በማኅተም መለሳችሁልኝ።

አንደኛ፤ “ነጋዴው ለሁሉም ሰው ፊቱን የሚያጠቁር ስለሆነ አድልቷል ሊባል አይችልም” ትላላችሁ። ወላሂ፣ ፊት ማጥቆሩስ እውነት ነው! ከከላላ በበቅሎ የመጣን ገበሬ “ጭቃህን ይዘህ ውጣልኝ” ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ የትምወርቅ ሳሙና ስትጠይቀው፣ ሳሙናው ከራሱ በላይ ተደርድሮ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል “የለም” ብሏታል። ይህንን ክርክር ደግሞ እኔ ጅዳ ጨርሼ ነው የመጣሁት። እዚያ ባለሱቁ እኛን ዘሎ ከኋላችን የቆመውን ሲያስተናግድ፣ ግማሾቻችን “በቀለማችን ነው” ስንል ግማሾቻችን “ተዪው ባክሽ፣ ለእናቱም እንዲህ ነው” እንል ነበር። በመጨረሻ ያገኘነው መለያ አንድ ነው፤ ሰውየው ለማን እንደሚስቅ ማየት። ለሁሉም የሚያኮርፍ ዓመለ ቢስ ነው፣ እግዜር ይማረው። መርጦ የሚያኮርፍ ግን የሚያደርገውን ያውቃል።

አቶ ይርዳው መሳቅ ይችላል፣ ክቡር ሆይ። ጥርሱን አይቻለሁ። ከጅዳ እንደተመለስኩ አባያዬን ለብሼ ስገባ “ግቢ የኔ እመቤት፣ ቤትሽ ነው” ብሎ እንድቀመጥ ዱካ አቅርቦልኛል፤ ማሩንም በማንኪያ አቅምሶኛል። ከመንፈቅ በላይ ያቺ ዱካ የእኔ ነበረች። በመጋቢት ግን ሸክላ ስትሸጥ የሚያውቃትን እናቴን አስከትዬ ስገባ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ማሩን ዓይናችን እንዳይበላው በፎጣ ሸፈነ። ዱካዋን በእግሩ ወደ ጓዳ ገፋት። ከበሩ ውጭ በሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ ባለእጅ ሲመጣ ብቻ የሚወርድ የዛገ ጣሳ አለው፤ በእሱ ሰፍሮ ደጃፉ ላይ መሬት አስቀመጠልን። ሱቁ ያው ሱቅ፣ ሰውየው ያው ሰውዬ፣ እኔም ያችው እኔ ነኝ። ከእናቴ በቀር ምን ተለወጠ? ይህንን በሦስት ገጽ ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ፤ አንብባችሁት ከሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ኮሚቴዎ “በባለእጅነቴ ተናቅሁ ካልሽ፣ በቅድሚያ ባለእጅ መሆንሽ ይረጋገጥ” አለ። እሰይ! ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የት ይገኛል? ጣሳውን ሄዶ ያየ አንድም አባል የለም፣ ሱቁ ከቢሮዎ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሆኖ ሳለ። ለዘሬ ግን ቅጽ ተዘጋጀ። አከራዬ ተጠየቁ፣ የእድራችን ዳኛ ተጠየቁ፣ ወፍጮ ቤት ተራ የያዙ ሴቶች ሳይቀሩ “አመልካቿ በእርግጥ ባለእጅ ናት?” ተብለው ፈረሙ። መፈረም ያልቻሉም በጣት አሻራ።

ሦስተኛ፤ ኮሚቴዎ የአቶ ክንፈን ደጅ አንኳኳ። አቶ ክንፈ የምህረት እጮኛ የታደለ አባት ናቸው። ታደለ ዘራችንን ያውቅ ነበር፤ ምህረት ገና ሲተዋወቁ ነግራዋለች፣ እሱም “እኔ የማገባው አንቺን ነው” ብሏታል። ለወላጆቹም ራሱ ቀስ ብሎ ሊነግር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ ቀኑ ለግንቦት 9 ተቆርጦ ሳለ፣ እናንተ “ተሰሚ ሰው ናቸውና ይመስክሩልን” ብላችሁ ልጁን ቀደማችሁት። በማግስቱ እነዚያው ሽማግሌዎች መጥተው “ቀኑ ይቅር” አሉን፤ ቀኑ ብቻ እንዳልቀረ ገብቶናል። ታደለ ሁለቴ ደወለ። በሦስተኛው “እናቴ መርዝ እጠጣለሁ አለችኝ” ብሎ ስልኩን ዘጋ። ግንቦት 9 ቀን ምህረት ልብስ ስታጥብ ዋለች፣ ንጹሑንም ጭምር።

እናቴስ? እናቴ ይርዳውን አልወቀሰችም፣ እናንተንም አልወቀሰችም። “በለመድኩት ጣሳ ብገዛ ምን ነበረበት? ልጄን ያጠፋሻት አንቺ ነሽ” አለችኝ። በዚህ ዕድሜዋ ይህንን ከአፏ ያወጣችሁ ሰዎች ሆይ፣ እኔ ይቅር የምላችሁ አይምሰላችሁ። ተናድጃለሁ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፣ እዚያ በረሃ እንኳ።

አቶ ይርዳውን በተመለከተ፣ የአንድ ቀን የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ከነምሳው ስለሰጣችሁት እናመሰግናለን። የምስክር ወረቀቱን በሩ ላይ ሰቅሎታል፤ ልክ ከጣሳው ትይዩ። ለቀጣዩ ሥልጠና እኔን “ባለድርሻ አካል” ብላችሁ መጥራታችሁንም አይቻለሁ። አልመጣም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ጣሳ ከሚስማሩ ያውርዱልኝ። በደብዳቤ አይደለም፣ በገዛ እጅዎ።

እስከዚያው ዕድሜና ጤና ከነወንበርዎ እየተመኘሁ፣ ዘሯ በቅጽ ተሞልቶ፣ በምስክር ጸንቶ፣ በማኅተም የታተመላት አገልጋይዎ፣

ሙሉሐረግ ብዙነህ

ማስታወሻ፤ ሚያዝያ 14 ቀን ጠዋት ከሁለት አባላት ጋር ለምርመራ ቤቴ ሲመጡ፣ እናቴ በእጇ የጋገረችውን ዳቦ ቆርሳ አቅርባላችሁ ነበር። እርስዎ “ረቡዕ አይደል፣ ጾም ይዘናል” አሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክቡር ሆይ፣ ፋሲካ ከዋለ ገና አሥር ቀኑ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም እናቴ አሳምራ ታውቃለች፤ እንግዳ በቤቷ እንዳያፍር ብላ ነው ዳቦውን መልሳ ሸፍና “ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ” ያለቻችሁ።