ክፍልፋይ መስሎኝ እሺ ያልኩት

ማክሰኞ
ጉድ ሆንኩ። ክፍልፋይ አይደለም!

ባለፈው ሳምንት የዲፓርትመንት ኃላፊያችን አቶ ኤርሲዶ ደውለው፣ «ቅዳሜ ከየወረዳው የሂሳብ መምህራን ሆሳዕና ይሰበሰባሉ፤ አንቺ ስለ ፍራክታል ታቀርቢያለሽ» ሲሉኝ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ባጃጁ ይጮሃል። እኔ የሰማሁት ፍራክሽን ነው፣ ክፍልፋይ። «ምን ችግር አለው!» አልኩ፣ ያውም በኩራት። አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ክፍልፋይ እንጀራዬ ነበር።

ዛሬ ፕሮግራሙ ተለጠፈ። ፍራክታል። ሦስቴ አነበብኩት፤ ያው ነው።

አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከተዛወርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ ከኋላዬ «ከታች የመጣችው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቅዳሜ ካፈርኩ ስሙ ተለጥፎብኝ ይቀራል።

ረቡዕ
ስልኬ ላይ አንድ ትምህርት ከፍቼ እስከ መሃሉ አየሁ። ዳታው አለቀ።

የገባኝ፦
– ፍራክታል ማለት ቁራጩ ሙሉውን የሚመስል ቅርፅ ነው። የቁራጩም ቁራጭ እንደዚያው።
– አበባ ጎመን ጥሩ ምሳሌ ነው።

ያልገባኝ፦
– የአንዳንዱ ዳር ርዝመት መጨረሻ የለውም ይላል። ወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥዕል! ውሸት ነው።

አበባ ጎመን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ያለው ጥቅል ጎመን ብቻ። ሻጯ፣ «ይኸም እኮ ያብባል፣ ብትታገሺው» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ
ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ሆመቾ፣ አባባ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሽሽት ነው።

ከእንሰቱ ጓሮ በታች ጎርፍ የሰነጠቀውን ቦረቦር ሲደፍን አገኘሁት። ግን የያዘው ትልቁን አይደለም። ጫፍ ላይ ያለችውን፣ እግር እንኳ የማታስገባዋን ስንጥቅ ነው።

«አባባ፣ ትልቁን ትተህ?»

በሀዲይኛ ነው የመለሰልኝ፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ «ትልቁም አንድ ቀን ይችን ያክል ነበር። መልኳን እይ፣ ቁርጥ እሱን ናት። ትንሿ የትልቁ ልጅ ናት።»

ቆሜ አየሁ። ትልቁ ቦረቦር ቅርንጫፍ አውጥቷል፣ ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ፣ እያለ እያለ እስከ ስንጥቋ ድረስ። አበባ ጎመን ምን ያደርግልኛል!

ያኔ የዳሩ ነገር ትዝ አለኝ። አባባን ለምኜ የቦረቦሩን ዳር አብረን ለካን። በአሥር ሜትር ገመድ፣ ስድስት ጊዜ፤ ስድሳ ሜትር። በአንድ ሜትር እንጨት፣ ዘጠና አንድ ጊዜ። «ተሳስተሻል፣ ድገሚ» አለኝ። ደገምኩ። ዘጠና ሁለት! ገመዱ የዘለለውን ጥምዝ ሁሉ እንጨቷ እየገባች ትቆጥራለች። በክብሪት እንጨት ብንለካውማ! ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ውሸት አይደለም ለካ።

ዓርብ
ቦረቦሩን ትልቅ ወረቀት ላይ ሳልኩት። አቶ ኤርሲዶ አልፈው ሲሄዱ አዩት።
«ምንድነው? ሥር ነው?»
«ቦረቦር ነው።»
«የሂሳብ ነው ያልኩሽ እኮ፣ የግብርና አይደለም» ብለው ሄዱ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ
አለፈ! ጌታ ይመስገን፣ አለፈ!

መጀመሪያ እውነቱን ተናገርኩ። «ክፍልፋይ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከጊምቢቹ የመጡ አንድ አንጋፋ መምህር ቦርሳቸውን ከፍተው የክፍልፋይ መልመጃ አወጡና፣ «እኔም ይኸው!» አሉ። እዚያ ላይ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

የቦረቦሩን ሥዕል አሳይቼ ስጨርስ እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። «ታዲያ የቦረቦሩ ዳር ትክክለኛ ርዝመቱ ስንት ነው?» ረቡዕ ቢሆን ኖሮ እዚያው በሞትኩ።
«በምን ለክተነው?» አልኳቸው።
«ወይ ጉድ» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

አቶ ኤርሲዶ ስንወጣ፣ «ከታች መምጣትሽ ጠቀመሽ» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ነቀፋ አላውቅም። እንደ ሙገሳ ወስጄዋለሁ።

ለአባባ ደወልኩለት።
«ያቺን የትንሿንና የትልቁን ነገርሻቸው?»
«ነገርኳቸው።»
«ማን አለው አልሽ?»
«አባቴ አልኩ።»

ድምፁ ጠፋ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ። አልተቆረጠም ነበር።