ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ኮንሰርት

ለውዷ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የስፌት መኪናሽ ዛሬም እየተንቋቋ ጎረቤት ይቀሰቅስ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ፤ ትናንት ሦስት መቶ ወንበር ሳጣጥፍ አምሽቼ ወገቤ ብቻ የእኔ አልመስል ብሎኛል።

መጨረሻ የተገናኘን ዕለት የዚያን ልጅ ስም ደግሜ እንዳላነሳብሽ አስምለሽኛል። እሺ፣ ስሙን አላነሳም። «ልጁ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ማን እንደሆነ ከጠፋሽ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ትምህርቱን ትቶ ጊታሩን ሲያነሳ «ወይ እሱን ወይ እኔን» ካልሽው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ መሃል ቤት እኔ ተቀጣሁ። የኮንሰርቱን የጥሪ ካርድ ስልክልሽም ጉልበቴን ያመኛል፣ ደግሞ የሮክ ጩኸት አልችልም ብለሽ መለስሽልኝ። እንግዲህ ካልመጣሽ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ።

ሙዚየማችን በየዓመቱ በጋ ላይ ከሥዕል አዳራሹ ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ ኮንሰርት ያዘጋጃል። ዘንድሮ ዳይሬክተሯ ወጣቱን ወደ ሥዕል እናምጣው ብላ ሮክ ይሁን አለች። ከተመረጡት አምስት ባንዶች አንዱ የልጁ ነው። እጄ የለበትም፤ ዝርዝሩን ሳየው እኔም ክው ነው ያልኩት።

የእኔ ድርሻ ግን ሙዚቃ መስማት አልነበረም። እንደምታውቂው ሥራዬ ሥዕል መስቀልና ማውረድ ነው። ትልቅ ድምፅ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ያረጀ ቀለም ይረግፋል። ለዚህ መለኪያ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እኛ ጋ ያለው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ብርጭቆውን ከሁሉም በዕድሜ ከሚበልጠው ሥዕል ሥር ወለሉ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ውሃው መሃል ላይ ትንሽ ክብ ቢሠራ ችግር የለም። ክቡ ሰፍቶ ጠርዙን ከመታ በመገናኛ ሬዲዮ ውጭ ላለው የድምፅ ባለሙያ «ቀንስ» እላለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሥዕሉ ላይ ያለችው መስኮት ዳር የተቀመጠች ሴት ናት፤ ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ወደ ውጭ ታያለች። ማን እንደሳላት አይታወቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳወጣና ሳወርዳት ኖሬ፣ ትናንት ገና የተያየን መሰለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው፤ ፀሐይዋ በጣሪያው መስታወት ገብታ ወለሉን ማር አስመስላዋለች፣ አዳራሹ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ሙዚቃው ግድግዳውን ሲያልፍ ጩኸቱ እዚያው ይቀርና የሩቅ ወንዝ ድምፅ ይሆናል። መጀመሪያ በተቀመጥኩበት ተሰማኝ፣ ቀጥሎ በጥርሴ። የውሃው ክብ ይሰፋል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይሰፋል። እየቆየሁ ስሄድ ግድግዳው ይተነፍስ ጀመር፤ ሥዕሎቹም ሁሉ ጆሯቸውን ወደ ውጭ ጣል ያደረጉ መሰለኝ። እንቅልፍ ወስዶህ ነው ትዪኝ ይሆናል። ዓይኔን አልከደንኩም፣ ሙች።

የልጁ ተራ ደረሰ። በድምፁ ለየሁት፤ ጎርነን ብሏል፣ ሰው ሆኗል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ባስ ጊታሩና ከበሮው አንድ ላይ ሲገቡ ውሃው ጠርዙን መትቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ሚስማሯ ላይ ንቅንቅ አለች። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «ቀንስ» ማለት ሲገባኝ በድንጋጤ «ዝጋው፣ ሁሉንም ዝጋው» ብዬ ጮህኩ። የድምፅ ባለሙያው ታዛዥ ሰው ነው፤ ጊታሩንም፣ ባሱንም፣ የልጁን ማይክ ሳይቀር ድርግም አደረገው። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት እጁን ሰበሰበ።

ጉድ ሠራሁት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድኩት ብዬ ሮጬ ወደ አትክልቱ የሚያስወጣውን በር ከፈት አደረግሁት። ልጁ ግን አላቆመም። ያለ ማይክ፣ ያለ ጊታር፣ በባዶ ድምፁ ቀጠለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የመሰላቸው። ዜማውን ያኔ ነው ያወቅሁት። እታለም፣ ልብስ ስትተኩሺ በአፍንጫሽ የምታንጎራጉሪው ነው። ቃል የሌለው፣ መጨረሻው ላይ እንደ መንጠልጠል የሚለው። ልጁ ቃል አበጅቶለታል። «ከካውያው ሥር ያነሳሽው ሸሚዝ፣ እስከ ዛሬ አልበረደኝም» ይላል። አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

ጥበቃው ኋላ እንደነገረኝ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ዛፉ ሥር የነበረች አንዲት ሴት ዘፈኑ ሳያልቅ ተነስታ በኋላው በር ወጥታለች። አሟት መስሎት ውሃ ላምጣልሽ ሲላት፣ ፊቷን በሻሿ እንደሸፈነች በእጇ ብቻ አይ ብላው ሄደች። የኋላው በር ደረጃ የለውም፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይመቻል።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ወንበር ሳጣጥፍ ዛፉ ሥር ሣሩ ላይ የማንበቢያ መነጽር አገኘሁ። የዘፈኖቹን ዝርዝር ለማየት ተደርጎ የወደቀ ይሆናል። የተሰበረ እጀታው በአረንጓዴ የስፌት ክር ተጠምጥሟል፤ አጠማጠሙ የባለሙያ ነው።

ወዲያው ልጁ ሊያግዘኝ መጣ። ድምፁን ስለዘጋሁበት ይቀየመኛል ብዬ ነበር፤ ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ሁለት ሦስት ወንበር አጠፈና ቀና ሳይል «እናቴ መጥታ ነበር?» አለኝ። እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ አላየኋትም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላየሁሽም። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን መነጽር አየው። ተቀብሎኝ ክሩን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ብዙ ቆየ። የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥበት ሣጥን አለ ስለው «ተወው አጎቴ፣ እኔ አደርስላታለሁ» አለኝ፤ መስታወቱን በሸሚዙ ወልውሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለማን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ሥዕሏ ደህና ናት፣ አንድም ቀለም አልረገፈባትም። ዳይሬክተሯ ግን ስለ ጩኸቴ ማስጠንቀቂያ ሰጥታኛለች፤ ይገባኛል።

ልጅሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንቺ ሰፈር ጉዳይ አለኝ ብሏል። ከቤት አትውጪ። ደጁ ላይ ቆሞ ቃላት ቢጠፋው አትቆጪው፤ አንቺም ሲጠፋሽ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ ሁለት ገጹን ሰባት ያደረግሁት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም፤ እስከ እሑድ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ደጅሽ የሚንኳኳ ደጅ ይሁን።

ምንም ያላየው ታናሽ ወንድምሽ