በራሱ ስለሚሄደው ወንበር፣ ለጋራዡ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ቶም፣
በፔታ ቲክቫ የጋራዥ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው? ጉልበትዎን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ መጻፌም አያስቀይምዎ፤ ስለ እናቴ «በቋንቋችሁ አስረጃት» ብለው የመከሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ምክርዎን አክብሬ ለሰፈሩ ሁሉ በቋንቋችን እያስረዳሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሥራችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። መኪናዬን የገዛሁት የፊት ወንበሯ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ወይዘሮ ይሻሽ ያለ ደጋፊ እንድትወርድበት ብዬ ነበር። መኪናዋ እናንተ ዘንድ ለተለመደው ጢፑል፣ ለሰርቪስ ማለቴ ነው፣ ገብታ በወጣች ሰሞን፣ እናቴን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ስወስዳት ወንበሩ በራሱ ወደፊት መሄድ ጀመረ። «ሸጋዬ፣ አቁሚው! እግሬን!» ብላ ጮኸች። ቁልፉን ብጫን አልታዘዝ አለኝ። ዳር ይዤ ሞተሩን ሳጠፋ ወንበሩ ቆመ፤ እናቴ ግን ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣብቆ ቀረች፤ መንገደኞች ናቸው ጎትተው ያወጧት።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈጣን ምርመራዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጋራዡ ስንመጣ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ሳለ ቁልፉን አንድ ጊዜ ጫን አድርገው፣ ወንበሩ ስለታዘዘልዎ ብቻ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አልለመደችም፤ ሳታውቅ ነክታው ነው። በቋንቋችሁ አስረጃት» አሉኝ። ወንበሩ ተፈትቶ ሥሩ እንዲታይ ብለምንዎ፣ «ለዚህ ወንበር አይፈታም» አሉ። አልለመደችም ያሏት ሴት በዚህችው ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዋን ከማሽን ጋር የጨረሰች፣ ዕብራይስጡንም ከእርስዎ አፍ ቃል በቃል የሰማች ነች። ወደ ሰፈራችን አሚሻቭ ስንመለስ ግን፣ «ምናልባት ሳላውቅ ነክቼው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም ብዬ ብምልላትም አላመነችኝም፤ እርስዎ ባለሙያ ነዎታ! ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታዎ። ብቻዬን ተመልሼ መጥቼ፣ እርስዎ የተከፈተው በር አጠገብ ቆመው ስለ አሮጊቶች ጣት ሲያብራሩልኝ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ከፊትዎ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ዝም ያሉት ዝምታ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይበልጥብኛል። ከዚያማ ባትሪው ተነቀለ፣ ብሎኖቹ ተፈቱ፣ አይፈታም የተባለው ወንበር ተነሣ። ከሥሩ ያለው ሽቦ ወንበሩ በሚንሸራተትበት ብረት ተጨፍልቆ፣ ልጣጩ ተገፎ ተገኘ። ሠራተኛዎ ኖይ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «እኛው ነን። በጢፑሉ ጊዜ የወንበሩን ቀበቶ ማሰሪያ ስንቀይር ሽቦውን ወደ ቦታው አልመለስነውም» አለች። እግዚአብሔር ይስጣት። እርስዎ ደግሞ፣ «በሰደር፣ እሺ፣ ይከሰታል» አሉ።

እኔም ይከሰታል ብዬ ልሄድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩዎ፤ እናቴ ዘንድ ደውዬ ስልኩን ዘረጋሁልዎ፤ «ጥፋቱ የርስዎ አይደለም» እንዲሏት። ስልኩን አይተው፣ «መኪናው ተሠርቷል አይደል?» ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ። እናቴ ከወዲያ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል እኔ ነኝ የዘጋሁባት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው አሚሻቭ ድረስ መጥተው፣ እቤታችን ገብተው፣ ያንን በአፍዎ እንዲነግሯት ነው። ፎቁ ሊፍት የለውም፤ ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ግን ይወጣዋል።

ወንበሯ እንደ አዲስ የሚሠራላት፣ ተቀማጭ ግን ያጣች መኪና ባለቤት፣
በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ሸጋ

ማስታወሻ፦ እናቴ አሁን የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ወታደሩ አዲር ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት፤ የነገረኝም እሱ ነው። ከመቀመጧ በፊት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ አሳየችውና፣ «ምንም አልነካም፣ ልጄ» አለችው።