ሄዶ የቀረውና ወርዶ የመጣው

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለይርጋ አንዱአምላክ
ናይሮቢ

ይርግዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። እናታችን ዘንድሮ ገብሱን በረዶ ስላልነካው ደስ ብሏቸዋል፤ ገሳይ በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዘው ማሳውን ያሳዩኛል። በስልክ ስታገኛቸው «እህትህ አንድ ነገር ሆናለች» እያሉ እንደሚነግሩህ አውቃለሁ። ልክ ናቸው፤ ሆኛለሁ።

ይህን በአፌ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ሌላ ወሬ አነሣና አልፈዋለሁ። ስለዚህ ልጻፈው። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ሳትጨርሰውም አትደውልልኝ።

በሥዕል የሚተረከው መጽሐፋችሁ የደረሰኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ በአውቶቡስ ልኮልኝ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ፖስታውን እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። ሽፋኑ ላይ ጉናን ሳይ ያንተ እጅ መሆኑን አወቅሁ፤ ተራራውን በአንድ ጎኑ እንዲህ ጎበጥ አድርጎ የሚስለው ሌላ ሰው የለም። ከበላዩ በትልቁ «ወራጅ» ይላል። ትኬት ቆራጯ አንገቷን አስግጋ አነበበችና «ወራጅ አለ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን አየሁ፤ «ድርሰት ጥሩወርቅ፣ ሥዕል ይርጋ አንዱአምላክ» ይላል። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ጥሩወርቅን ከላክልኝ ፎቶግራፍ በቀር አላውቃትም። አምና «አብራኝ የምትሠራ ጎበዝ ጸሐፊ አለች» አልከኝ፤ በኋላም «ተጋባን» አልከኝ። ሁለቱንም ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስትህ በመሆኗ አልቀናሁም። የቀናሁት ከስምህ በፊት በተጻፈው ስሟ ነው።

ይህ ታሪክ ሲጀመር አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አንድ። አባባ ከሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተውሰው አመጡ። ከእራት በፊት አንዳንድ ምዕራፍ እያዩ በአማርኛ ይተርኩልን ነበር። አንድ ሰው ከምድር ተነሥቶ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳል። የዚያ ዓለም ስበት ደካማ ነውና ሲራመድ ይነጥራል፣ ሲዘል የግንብ አጥር ያልፋል። እዚህ ተራ ሰው የነበረው እዚያ ጀግና ይሆናል። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ገጾች ወልቀው ጠፍተው ነበርና ታሪኩ መሐል ላይ ቆመ። አንተ ማልቀስ ጀመርክ። «ዝም በል፣ የቀረውን እኔ እነግርሃለሁ» ያልኩህ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው የገሳይ ሰው ሆነ፤ ስሙንም አዳነ አልነው። ሁለት ፀሐይ በሚወጡበት አገር፣ ቀይ ሜዳ ላይ፣ ባለ ስድስት እግር በሬዎች ጠምዶ ያርሳል፤ ጠላት ሲመጣ ሞፈሩን ጥሎ ሰማይ ለሰማይ ይዘላል። አራት ደብተር ሞላሁ። አንተ በየገጹ ጥግ ሳልክ።

«ወራጅ» ውስጥ ሁሉንም አገኘሁት። ሁለቱ ፀሐዮች አሉ፣ ሜዳው አለ፣ በሬዎቹም አሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። የናንተ ሰው ከዚህ አይሄድም፣ ከዚያ ይመጣል። የተወለደበት ዓለም ከባድ ነው፤ መሬቱ አጥብቆ ስለሚስብ ሰዉ ሁሉ አጥንቱ ብረት ነው። ጉና ላይ ሲወድቅ የኛ ምድር ቀለለችው። ቀን ቀን ሐሙሲት ገበያ ጆንያ ይሸከማል፤ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ሰው ሲጨነቅ ግን ካባውን ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ከጉና በአንድ ዝላይ ደብረ ታቦር ይደርሳል።

ክረምቱን ሙሉ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ትምህርት እንደ ተከፈተ ግን ዓለሚቱ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣች። መጽሐፉ በከተማው እጅ ለእጅ እየዞረ ነበር።

«ቲቸር፣ ወራጅ ለምንድን ነው እንደዚያ የሚዘለው?»

ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስበትን እንደዚያ ቀን አስተምሬው አላውቅም። ጠመኔው እጄ ላይ እስኪያልቅ ጻፍኩ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲሰሙኝ አፌ አላርፍ አለ። «ይህ ታሪክ የኔ ነው። ወንድሜ ነው የወሰደብኝ» አልኳቸው። በማግሥቱም ደብተሮቼን ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው።

ስጨርስ ዓለሚቱ «የርስዎም ደስ ይላል» አለች። ቀጥላም፣ «ግን የርስዎ ሰውዬ ሄዶ ቀረ። ይሄኛው መጣልን።»

ልጅቱ ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ደብተሮቹን ሰብስቤ ደወሉ ሳይደወል ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ለአሳታሚያችሁ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ወራጅ» ከኔ የተሰረቀ ነው አልኩ። ከደብተሮቹ ዐሥር ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አያያዝኩ። ስሜ እንዳይነገርም አደራ አልኩ። የመጽሐፋችሁ ሁለተኛ ክፍል ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ እንዲቆም ያደረገው ያ ደብዳቤ ነው። እኔ ነኝ፣ ይርጋ።

መስከረም ሃያ አራት ቀን ደወልክልኝ። ቃልህን ሁሉ አስታውሰዋለሁ።

«ፈንትዬ፣ ሰረቃችሁ ብሎ የከሰሰን ሰው አለ። ማን እንደሆነ አይነግሩንም። ጥሩወርቅ እህል አልቀመሰችም።»

«ማንን ትጠረጥራላችሁ?»

«ፈንታሁንን። ቀለም የሚቀባልንን። ድሮም የኔ ስም ለምን አይወጣም ይል ነበር። ልናሰናብተው ነው። አንቺ የምታውቂው ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምንም አላውቅም» አልኩህ። ያን ያህል በቀላሉ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜውን ገሳይ ሄጄ ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፋችሁን እያገላበጡ ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እኔስ ማንን ልክሰስ?» አሉኝ። «መጽሐፉን ያነበብኩላችሁ እኔ ነኝ። ያ የጻፈው ፈረንጅስ አንቺን ይክሰስ? እሱም ከሌላ ሰምቶ ይሆናል።»

«የኔ ግን ሌላ ነው፣ አባባ። አዳነን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ፈጥረሻል። የቆጨሽ መወሰዱ ነው ወይስ ይሄኛው መንገድ ላንቺ ሳይታይሽ መቅረቱ?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ተነሥተው ከብቶቹን ሊያዩ ሄዱ።

ላንተ ልመልሰው። ሳይታየኝ መቅረቱ ነው። ክብደት ከቦታ ቦታ ይለያያል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቀላል ዓለም ላይ የወጣ ሰው ኃይለኛ ከሆነ፣ ከከባድ ዓለም የወረደውም እኛ ዘንድ ኃይለኛ እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ እኔ መሆን ነበረብኝ። አንድ ጊዜም ገልብጬ አላየሁትም። መገልበጡ የማን ሐሳብ እንደሆነ አልጠይቅህም። ያንተ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ደውለህ ትነግረኝ ነበር።

አራቱን ደብተሮች እንደገና አነበብኳቸው። አዳነ በመጀመሪያው ገጽ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቦታ አገሩን አያነሣም። ቤቱን፣ እናቱን፣ ማንንም። እኔ መውጫውን ብቻ ነው የጻፍኩለት። አንተ ስትሄድ ከሁለታችን አንዳችን አባባና እናታችን ዘንድ መቅረት ነበረብን፤ እኔ ቀረሁ። ይህን የማነሣው ልወቅስህ አይደለም።

ሰኞ ዕለት ለአሳታሚው ደወልኩ። ክሴ ሐሰት መሆኑን ተናገርኩ፤ በጽሑፍ አስገቢ ስላሉኝም ፈርሜ ላክሁ። ግልባጩን እዚህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ክፍል ኅዳር ላይ ይወጣል ብለውኛል። ስልኩን ያነሣችው ሴት «ከፈለጉ መነሻ ሐሳብ ብለን ስምዎን እናስገባለን» አለችኝ። አይግባ አልኳት። ትሕትና እንዳይመስልህ። ከጥሩወርቅ ስም በታች በትንንሽ ፊደል ከምገባ አለመግባቴን መርጬ ነው።

ያንኑ ቀን ላንተም ደውዬ «ፈንታሁን አይደለም፣ አታሰናብቱት» ስልህ «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልከኝ። መልሱ ይኸው ነው። ሰውየውን ስሙን ስላነሣችሁበት ይቅርታ ጠይቁት። የኔንም ይቅርታ ንገሩት፤ ከማን እንደሆነም አትደብቁት። ይህን ደብዳቤ ለጥሩወርቅ ማሳየት አለማሳየት ያንተ ፈንታ ነው። እኔ ብሆን አሳያት ነበር።

መጽሐፉን በተመለከተ አንድ ስሕተት አለባችሁ። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ወራጅ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ሲያርፍ አቧራ እንኳን አልተነሣም። መሬቱ መጎድጎድ አለበት፤ በሚቀጥለው እትም አስተካክለው። ሌላው፣ ገበያ መሐል ቆሞ የአገሩን ሰው ቋንቋ መርሳት እንደ ጀመረ የሚናገርበት ቦታ አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ ሥዕል አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ይህችን መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

አሁንም እቀናለሁ። ክሱን ስለተውኩ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ አለቀቀኝም። ሁለተኛው ክፍል ሲወጣም እንደምገዛው፣ አንብቤም እንደምቃጠል አውቃለሁ።

ከተቆጣኸኝ ተቆጣኝ። ብቻ ለእናታችን መደወልህን አትተው፤ እሳቸው ምንም አያውቁም። ምርቃታቸውን ጻፊልኝ ብለውኛል፦ «ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ጎጇችሁን ያሙቀው፣ የአብራካችሁን ፍሬ ያሳየኝ።» ይህ ለሁለታችሁም ነው።

የኔ ምርቃት ላንተ ነው። እጅህ አይዛል፤ የሄድክበት አገር ይቅለልህ። የጥሩወርቅን ከልቤ እስኪወጣ አቆይቼዋለሁ። እስከዚያው በብዕር ብቻ ብመርቃት አይደርሳትም።

እህትህ
ፈንታነሽ አንዱአምላክ