የኩሽናው ቻርጀር ለምን ሞቀ?

የሳምሰንግ ጠበቃው፣

ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋብኝ ነው፤ ባጭሩ ልጻፍልህ። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። የሻወሩን ቧንቧ ጠበቅ አድርገህ ዝጋው።

አሁን ወደ ነገራችን።

ጠዋት የአይፎን ቻርጀሬን ኩሽና ተሰክቶ አገኘሁት። ስነካው ትኩስ ነው። እኔ መኝታ ቤቴ በሌላ ገመድ ነው የሞላሁት። የዚህ ገመድ ጫፍ ደግሞ ሳምሰንግህ ውስጥ አይገባም። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ድመቷ ስልክ የላትም።

በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ "አይፎን የያዘች እህት አለችኝ ማለት ያሳፍረኛል" ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም? ምለህ ተገዝተህ አክስታችንን ሳምሰንግ ያስገዛሃትስ? ታዲያ ሰሞኑን ስልክህ ሲጠራ በረንዳ ድረስ ምን ያስሮጥሃል? ሳይህ ኪስህን ለምን ትይዛለህ? ያልገባኝ እንዳይመስልህ!

ያን ዕለት ጓደኞችህ ፊት "የድሃ ስልክ" ያልኩህ ጊዜ፣ ምላሴን በቆረጠው። ለነገሩ አንተም አፍህ መች ያርፋል። ግን በዚያ ምክንያት ከሆነ ስልክ የለወጥከው…

ተወው። መኪናው ሊሄድብኝ ነው።

ቻርጀሩን አልነቀልኩትም፣ እዚያው ተሰክቷል። ማታ ስደርስ እደውላለሁ፤ አንሳ። በየትኛው ስልክ እንዳነሳህ አልጠይቅህም።

እህትህ